ሠላሳ ደቂቃ ከሲሊንደሩ ፊት

ሰሞኑን አንድ የሦስተኛ ዓመት የአካባቢ ምህንድስና ተማሪ መልእክት ጻፈልኝ። «ሥራ የሚጀመረው ከምረቃ በኋላ ነው ወይስ ከአሁኑ መሯሯጥ አለብኝ?» ይላል። መልስ ልጽፍለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም አጠፋሁት። «ከአሁኑ» ብዬ ብተወው ሲቪ ወደ ማሳመርና ሰርተፊኬት ወደ መሰብሰብ እንደሚሮጥ አውቃለሁ፤ እኔም በጊዜዬ የሮጥኩት ወደዚያው ነበርና። እኔ «ከአሁኑ» ስል ዓይኔ ላይ የሚመጣው አንድ ሊትር የሚይዝ የብርጭቆ ሲሊንደር፣ ውስጡ ያለው ቡናማ ፍሳሽና እሱ እስኪጠልል ድረስ ወንበር ስቤ የተቀመጥኩባቸው ቅዳሜዎች ናቸው። ይህን በስልክ መልእክት ማስረዳት ስላቃተኝ እዚህ ላርዝመው።

መጀመሪያ የተበላሸውን ልናገር። ሁለተኛ ዓመት እንደጨረስኩ በረጅሙ እረፍት አንድ አማካሪ ድርጅት ኢንተርንሺፕ ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ሳወራ ከረምኩ። ሥራው ግን ፎቶ ኮፒ ማንሳት፣ የገጽ ቁጥር ማስተካከልና ሰንጠረዥ መለጠፍ ነበር። ለእሱም ቢሆን አላማረርኩም። አንድ ቀን ግን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ሳስተካክል፣ ፕሮጀክቱ አጠገቡ እንኳ ስለማያልፍ ወንዝ ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፎ አገኘሁ። ከሌላ ሰነድ የተገለበጠ ነው፤ የወንዙን ስም ለመቀየር እንኳ የደከመ ሰው አልነበረም። ወደ መጨረሻው ስገልጥ ደግሞ በባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ የእኔ ስም «የውሃ ጥራት ባለሙያ» ተብሎ ተቀምጧል። በዚያን ጊዜ ስለ ውሃ ጥራት በእጄ ሠርቼ የማውቀው የፒኤች ወረቀት ነክሮ ቀለሙን ማየት ብቻ ነው። ስሜ እንዲወጣ ጠየቅኩ። «ለአንቺው እኮ ነው የሚጠቅምሽ፣ ሲቪሽ ላይ ታስገቢዋለሽ» ተባልኩ። እንደምንም ስሜ ወጣ፤ ብዙም ሳልቆይ እኔም ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት። አሥራ አራት ቦታ ላክሁ፤ አሥራ አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው። «በቡድን መሥራት የምችል፣ አዲስ ነገር ለመማር ጉጉት ያለኝ፣ ጫና የምቋቋም» እያለ የሚቀጥል፣ ማንም ስለ ማንም ሊጽፈው የሚችል ደብዳቤ። አንዱ «ስትመረቂ ተመለሽ» ብሎ መለሰ። የተቀሩት ዝም አሉ።

አሥራ አምስተኛውን የጻፍኩት ተናድጄ ነው። ለአንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ላቦራቶሪ ነበር። ጉጉቴንም ጽናቴንም ተውኩና በእጄ የምችለውን ብቻ ዘረዘርኩ፦ ቲትሬሽን እሠራለሁ፣ አራት የአሥርዮሽ ቤት በሚያነብ ሚዛን እመዝናለሁ፣ አልካሊኒቲ ለክቼ አውቃለሁ፣ ጠርሙስ አጥባለሁ። ከሥሩ ደግሞ ነፃ የምሆንበትን ሰዓት ጻፍኩ፦ ማክሰኞና ሐሙስ እስከ እኩለ ቀን፣ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ። በማግስቱ ስልኬ ጠራ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ናት። ስለ ትምህርቴ ምንም አልጠየቀችኝም። «ቅዳሜ እውነት ትመጫለሽ?» ብቻ ነው ያለችኝ።

ለካ ጣቢያው ቅዳሜ ናሙና የሚቀዳ ሰው አጥቶ ወራት አስቆጥሯል። ፍሳሽ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ አያርፍም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ጠርሙስ አጠብኩ። ማጋነን አይደለም፣ ጠርሙስ ብቻ። ግን ጠርሙስም የራሱ ሕግ አለው። ብረታ ብረት ለሚለካበት ናሙና ናይትሪክ አሲድ ይጨመራል። ለሲኦዲ (ቆሻሻውን በኬሚካል ለማቃጠል የሚፈጀው ኦክስጅን) ሰልፈሪክ አሲድ። የቢኦዲ (ባክቴሪያ ቆሻሻውን ሲበላ የሚፈጀው ኦክስጅን፤ ኋላ እመጣበታለሁ) ናሙና አሲድ አይነካውም፤ በረዶ ሳጥን ውስጥ ቀዝቅዞ ቶሎ ላቦራቶሪ መግባት አለበት። ፒኤች እዚያው ምንጩ ላይ ይለካል፣ ካደረ ሌላ ቁጥር ነው። ጠርሙስ ሁሉ በራሱ በሚቀዳው ውሃ ሁለት ሦስቴ ይለቀለቃል የሚባለውን ከክፍል ይዤ መጥቼ ነበር። የባክቴሪያ ምርመራ ጠርሙስ ግን አይለቀለቅም፤ ንጹሕነቱ ተጠብቆ የመጣ ነው፣ ውስጡ ያለችውም ቁንጥር ዱቄት ክሎሪኑን ለማጥፋት የገባች ሶዲየም ታዮሰልፌት ናት። ከሁለቱ የመጀመሪያ ጠርሙሶች ዱቄቷ ቆሻሻ መስላኝ አጥቤ ደፍቻታለሁ። ኃላፊዋ ምንም ሳትል ሌላ ሁለት ጠርሙስ እጄ ላይ አስቀመጠች።

ማታ ማታ «ለዚህ ነው እንዴ ካልኩለስ የተማርኩት?» እያልኩ አኮርፍ ነበር። በዚያ ሰሞን ነው ስለ ኤለን ስዋሎው ያነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1870 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቀበላት የመጀመሪያዋ ሴት ተማሪ ናት፤ ዲግሪዋን የወሰደችው በ1873 ነው። ሳትመረቅ ገና፣ በ1872፣ አንድ የኬሚስትሪ መምህሯ ለግዛቲቱ የጤና ቦርድ የውሃና የፍሳሽ ናሙና ሲመረምር ረዳት አድርጎ ወሰዳት። ዓመታት ቆይቶ ያንን ሙያ ይዛ የመላ ግዛቲቱን ውሃ ያካለለ ምርመራ መርታለች፤ ከውስጡ የወጣውም የክሎራይድ ካርታ ነው። ጨው ከባሕር ስለሚመጣ ከባሕሩ እየራቁ ሲሄዱ ክሎራይድ በተፈጥሮ ይቀንሳል። ካርታው ላይ ከሚጠበቀው በላይ ክሎራይድ የታየበት ጉድጓድ የሰው ወይም የከብት ፍሳሽ ሳይገባበት አይቀርም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ካርታ የሚሠራው በሺዎች ከሚቆጠሩ ጠርሙሶች ነው፤ እነሱንም የሚያጥብ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ማኩረፌን ቀነስኩ። ሙሉ በሙሉ ግን አላቆምኩም።

በሁለተኛው ወር ቅዳሜ ዕለት ተጣርቶ የሚወጣውን ፍሳሽ ናሙና ብቻዬን እንድቀዳና ቢኦዲውን ራሴ እንድሠራ ተፈቀደልኝ። ለማያውቀው ላስረዳ። በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ባክቴሪያ ሲበላው ኦክስጅን ይጠቀማል። ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር በምትይዝ ጠርሙስ ዘግቶ፣ ጨለማ ውስጥ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አምስት ቀን ማስቀመጥ ነው፤ በመጀመሪያውና በአምስተኛው ቀን ኦክስጅኑ ይለካል፣ የጎደለው ያህል ቆሻሻው ነበር ማለት ነው። አምስት ቀን የሚለው እ.ኤ.አ. በ1912 ከወጣው የእንግሊዝ ንጉሣዊ ኮሚሽን ሪፖርት የመጣ ልማድ ነው። የእንግሊዝ ወንዝ ባሕር እስኪደርስ ከዚያ በላይ ቀን አይፈጅበትም ተብሎ ነው ይባላል። በአንዲት ደሴት የወንዝ ርዝመት የተነሣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያለ አብዛኛው ላቦራቶሪ አምስት ቀን ይጠብቃል። ይህ እስካሁን ያስቀኛል።

ያን ቀን ከባድ ዝናብ ነበር። የተለመደው መቅጃ ቦታ ከክሎሪን ገንዳው በፊት ያለው ቦይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ በጣም የሚያንሸራትት የብረት ድልድይ መሻገር ያስፈልጋል። እኔ ከክሎሪኑ በኋላ ካለው መውጫ ቀዳሁ። «ያው አንድ ውሃ ነው» ብዬ። በመጀመሪያው ቀን ኦክስጅኑ 8.6 ሚሊ ግራም በሊትር ነበር። በአምስተኛው ቀን ሳነበው 8.5። ሌላ ጊዜ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት የሚወጣው ቢኦዲ ጠፋ ማለት ነው። መዝገቡ ላይ ቁጥሩን ጽፌ ከጎኑ «በጣም ጥሩ ውጤት!» ብዬ ጨመርኩበት። የቃለ አጋኖዋን ነጥብ ሁሉ አሁንም አስታውሳታለሁ።

ኃላፊዋ መዝገቡን አንብባ ቀና አለች። «ከየት ነው የቀዳሽው?»

ነገርኳት።

«ክሎሪኑን አጥፍተሽለታል?»

ዝም አልኩ።

«ባክቴሪያስ ጨምረሽበታል?»

አሁንም ዝም።

«እንግዲያው አንቺ የለካሽው የውሃውን ንጽሕና አይደለም። የሚበሉት ሁሉ መሞታቸውን ነው የለካሽው። ሬሳ ደግሞ ኦክስጅን አይፈልግም።»

ክሎሪን የነካው ናሙና መጀመሪያ በሶዲየም ሰልፋይት ክሎሪኑ መጥፋት፣ ከዚያ ሕያው ባክቴሪያ መጨመር አለበት። መጽሐፉ ላይ አለ፤ አንብቤውም ነበር፤ ፈተናም ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። ለዚያውም ከሁለት ሚሊ ግራም በታች የጎደለ ጠርሙስ ውጤት ተብሎ እንደማይመዘገብ አውቅ ነበር፤ 0.1 አይቼ ግን ደስ አለኝ። አምስት ቀን ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም። የዚያ ሳምንት ቦታ በወርኃዊው ሪፖርት ላይ ባዶ ሊቀር ነው፤ ባዶ የቀረበትን ምክንያት የሚገልጸውን አንቀጽ እኔው እንድጽፈው ተደረገ። አራት መስመር ናት። ሁለት ሰዓት ፈጀችብኝ። «በናሙና አቀዳድ ስህተት» ብዬ ብጽፍላት «የማን ስህተት? የት ቦታ? ለምን?» ብላ መለሰችልኝ። እንደዚያ ተጨንቄ የጻፍኩት ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ የለም፤ የመመረቂያ ጽሑፌም ጭምር።

አሁን ወደ ሲሊንደሩ።

ጣቢያው ውስጥ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው አንድ አንጋፋ ኦፕሬተር ነበሩ። የአየር ማስገቢያውን ገንዳ፣ ባክቴሪያው አየር እየተነፋለት ቆሻሻውን የሚበላበትን፣ በቀለሙና በሽታው ነው የሚያውቁት። ደህና ሲሆን ቡናማ ቸኮሌት ይመስላል፤ ሽታውም ዝናብ የነካው አፈር ነው። ከጠቆረና የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥሮታል። ነጭ አረፋ ከተኮፈሰ ዝቃጩ፣ ማለትም ባክቴሪያው የተከማቸበት ጭቃ፣ ገና ጨቅላ ነው፤ ቅባት የመሰለ ጥቁር ቡናማ አረፋ ከሆነ ደግሞ አርጅቷል። እኔ እነዚህን ነገሮች ከመጽሐፍ ሰንጠረዥ ላይ አንብቤ እሳቸውን ላስረዳ ሞከርኩ። ታግሠው ሰሙኝ። ከዚያ ሲሊንደሩን ሰጡኝና «ቁጭ በይ» አሉኝ።

ሙከራው እንደ ስሙ ቀላል ነው። ከአየር ማስገቢያው ገንዳ አንድ ሊትር ትቀጃለሽ፣ ሲሊንደር ውስጥ ትጨምሪያለሽ፣ ቀስ ብለሽ አማስለሽ ሰዓት ትይዣለሽ። ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ ዝቃጩ ስንት ሚሊ ሊትር ላይ እንደቆመ ታነቢያለሽ። ሌሎቹ ኦፕሬተሮች አፍስሰው ይሄዱና ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ ይመለሳሉ። ጋሼ ግን አይነሱም። «የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃ ካላየሽ ሠላሳኛውን አትጠይቂኝ» ይሉኝ ነበር።

እውነታቸውን ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ድፍርስ ነው። ከዚያ ድንገት እህል እህል ይላል፤ ትንንሽ ፍርፋሪዎች እየተያያዙ ይከብዳሉ። ከላይ በኩል እንደ ክር የቀጠነች የጠራ ውሃ መስመር ብቅ ትላለች። ዝቃጩ እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲወርድ መስመሯ ትሰፋለች። ቶሎ ከወረደና ከላይ ብናኝ ጥሎ ከሄደ አንድ ነገር ነው፤ ቀስ ብሎ ወርዶ ውሃውን መስታወት አስመስሎ ከተወው ሌላ። ሁለቱም በሠላሳኛው ደቂቃ አንድ ቁጥር ላይ ሊቆሙ ይችላሉ። መዝገቡ ላይ ልዩነታቸው አይታይም።

ስለዚህ በየአምስት ደቂቃው እያነበብኩ መጻፍ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ነው። ደብተሬ ላይ ቀኑን፣ የውሃውን ሙቀት፣ በገንዳው ውስጥ የሚሟሟውን ኦክስጅን፣ ከዚያ ስድስቱን ንባቦች። ቤት ስገባ ኤክሴል ላይ እገለብጠዋለሁ። በአብዛኛው ቁጥሩ 250 አካባቢ ነበር። በገንዳው ውስጥ ያለው ጠጣር ሦስት ሺህ ሚሊ ግራም በሊትር ስለነበር፣ አንድ ግራም ዝቃጭ ሰማንያ ሦስት ሚሊ ሊትር ያህል ቦታ ይዟል ማለት ነው። ይህቺን ቁጥር ኤስቪአይ እንላታለን። ከመቶ ሃምሳ ካለፈች መጨነቅ ይጀመራል።

አራተኛ ዓመት ላይ ነው፣ አየር ከሚነፉት ሦስት ብሎወሮች አንዱ ተበላሽቶ ለጥገና ተፈታ። መለዋወጫ ይመጣል ተባለ። ጋሼ በመጀመሪያው ሳምንት «ይሄ ነገር አልወደድኩትም» አሉ። ኦክስጅኑ ከሁለት ሚሊ ግራም ወደ 0.6 ወርዶ ነበር። ሲሊንደሩ 310 አለ። በሁለተኛው ሳምንት 420። በሦስተኛው 560፤ ጠጣሩ ግን ያው ሦስት ሺህ ነው። የማዝቀጫው ገንዳ ውስጥ ዝቃጩ እንደ ሊጥ ተነፍቶ ወደ ጠርዙ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«ዝቃጩ በዝቶ ነው፣ ወደ ውጭ ይወገድ» የሚል ሐሳብ ተነሣ። ጋሼ አልተስማሙም። እኔ አንድ ሲሊንደር በተጣራው ውሃ እኩል በእኩል አቅጥኜ ካልቀጠነው ጎን አስቀመጥኩት። መብዛት ብቻ ቢሆን የቀጠነው ፈጥኖ ይወርዳል። አልወረደም፤ እንደዚያኛው ተንጠልጥሎ ቀረ። በማይክሮስኮፕ ስናየው መልሱ ቁልጭ ብሎ ተገኘ። ፍርፋሪዎቹ ጸጉር አብቅለዋል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ የተዘረጋ ክር መሳይ ባክቴሪያ ሞልቷል። ኦክስጅን ሲያጥር እነዚህ ክር መሳዮች ያሸንፋሉ፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆኑ ገላቸው በሙሉ ውሃው ውስጥ ነው፣ ያለችውን ጥቂት አየር ቀድመው ይሻማሉ። ክሮቹ ደግሞ ፍርፋሪዎቹ እንዳይጠጋጉ ይደግፏቸዋል፤ እንዴት ይዝቀጥ?

ሁለት መስመር ያለው አንድ ግራፍ ሠራሁ። አንዱ ወደ ታች የሚወርደው ኦክስጅን፣ ሌላው ወደ ላይ የሚወጣው የሲሊንደሩ ንባብ፤ ብሎወሩ የተፈታበት ቀን ላይ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር። ኃላፊዋ ለሰኞ ስብሰባ ይዛው ገባች። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ «ማን ነው የሠራው?» ቢሉ «የቅዳሜዋ ልጅ» ብላቸዋለች። ለመለዋወጫው የሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ግራፉ ተያይዞ ሄደ። ብሎወሩ ከተመለሰ በኋላም ሲሊንደሩ ወደ 270 እስኪወርድ ከወር በላይ ፈጅቷል፤ ባክቴሪያ ተተክቶ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ጀግና ልሁን ብል ጋሼ ይታዘቡኛል። እሳቸው በመጀመሪያው ሳምንት ያሉትን ነው እኔ በሦስተኛው ሳምንት በቁጥር የጻፍኩት። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር እሳቸው ያዩትን ስብሰባ ውስጥ የሚገባ ቅርጽ መስጠት ነው። የሙያዬን ግማሽ የሚያህለው ሥራ እስከ ዛሬም ይኸው ነው።

ዝቃጩ ራሱ የመጣውም በእንዲህ ያለ ግትርነት እንደሆነ በኋላ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1914 ማንችስተር ውስጥ አርደርንና ሎኬት የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ፍሳሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው አየር ይነፉበት ነበር። አንዱን ዙር ለመጨረስ መጀመሪያ ሳምንታት ወሰደባቸው። ሌላው ሰው እንደ ቆሻሻ የሚደፋውን ከሥር የቀረውን ዝቃጭ ግን አልደፉትም፤ አዲስ ፍሳሽ እየጨመሩ መልሰው አየር ነፉበት። ደጋግመው ሲያደርጉት ሳምንታት ይፈጅ የነበረው በአንድ ቀን ማለቅ ጀመረ። ዛሬ በየአገሩ ያለው ትልልቅ ማጣሪያ አብዛኛው በዚያ ባልተደፋ ዝቃጭ ነው የሚሠራው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። አንድ ጠዋት ማንሆል ተከፍቶ የውሃውን ከፍታ ማንበብ ነበረብኝ፤ ከላይ አልታይ አለኝና መሰላሉ ላይ አንድ እግሬን አሳረፍኩ። ጋሼ ከኋላ አንገትጌዬን ይዘው ሲጎትቱኝ የሸሚዜ ቁልፍ ተበጠሰ። ሲጮኹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «እኔ እኮ ምንም አይሸተኝም» አልኳቸው። «እሱ ነው የሚያስፈራው!» አሉኝ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጣም ጥቂት ሲሆን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። መቶ ፒፒኤም (ከሚሊዮን መቶ እጅ) አካባቢ ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ከዚያ በላይ ደግሞ ይገድላል፤ የወደቀውን ላውጣ ብሎ የወረደውንም ይጨምራል። ጋዝ መለኪያ፣ ከላይ የሚጠብቅ ሰውና የመውጫ ገመድ ሳይኖር ማንም ቢያዝህ አትውረድ። ተማሪ ስትሆን «ፈሪ ነው እንዳይሉኝ» የሚባል በሽታ አለ። ይበሉህ።

ትምህርቱስ? «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይባል የለ፤ እኔ ሞክሬ አንዱ ላይ ወድቄያለሁ። አንድ ሴሚስተር ሰዓቴን ከሳምንት አሥራ ሁለት ወደ ሃያ ሁለት አሳደግኩና የስትራክቸር ኮርስ ላይ ሲ መጣልኝ፤ እሷም በመምህሩ ደግነት ነው። ከዚያ ወዲህ የፈተናዎቹን ሳምንታት ከሴሚስተሩ መጀመሪያ አውጥቼ ለኃላፊዋ እሰጣታለሁ፤ ቀድሞ የተነገረ መቅረት ማንንም አስቀይሞ አያውቅም። ክፍያ በተመለከተ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የትራንስፖርት ብቻ ነበር፣ ኋላ በሰዓት ሆነ። ያለ ክፍያ መሥራትን በጭፍን አልቃወምም። መለኪያዬ አንድ ናት፦ ስሳሳት የሚያርመኝ ሰው አለ? ካለ ለጥቂት ወር ይሁን። አራሚ የሌለበትና የቋሚ ሠራተኛ ሥራ በነፃ የሚያሠራ ቦታ ከሆነ ግን ጉልበት መብላት ነው።

ከኮርሶቹ ውስጥ ንቄው የከበደኝ ስታቲስቲክስ ነው። ተማሪ ሆነን «ለሶሻል ሳይንስ ነው» እያልን እናሾፍበት ነበር። ሁለት ናሙና አንድ ቦታ ቀድቼ አንዱ 14 ሌላው 19 ሲልብኝ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚነግረኝ እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ኢፓኔት የተባለውን የውሃ መስመር ሶፍትዌርም ያኔ ነው የለመድኩት፤ የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የሠራው ነው፣ በነፃ ይወርዳል። የግቢያችንን የውሃ መስመር በእሱ ሞዴል አደረግኩና አንድ ሕንፃ ላይ ግፊቱ ከዜሮ በታች አሥራ አራት ሜትር ወጣ። ሕንፃው ውስጥ ግን ውሃ ይመጣል፤ በዚያ ጠዋት እጄን ታጥቤበታለሁ። የቧንቧውን ስፋት በተሳሳተ መለኪያ አስገብቼው ኖሯል። ኮምፒውተሩ ቅንጣት አላፈረም።

ስመረቅ ለአንድ ቋሚ ቦታ ቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። ግሬዴን ገልጠው እንኳ አላዩትም። ከመሃል የተቀመጡት ሰው «የሠራሽው ቁጥር ስህተት ሆኖ ያገኘሽበትን ጊዜ ንገሪን» አሉኝ። ስለ ክሎሪኑ ነገርኳቸው፤ የቃለ አጋኖዋን ነገር ሳይቀር። በግራ በኩል ያለችው መሐንዲስ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወረቀቷን ፊቷ ላይ አደረገች። እሷም አንድ ጊዜ እንደዚያ ሆና እንደምታውቅ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነገረችኝ።

እና ለልጁ የምመልስለት ይኸው ነው። ቀጣዩን ደብዳቤ ሲጽፍ ነፃ የሚሆንበትን ቀን ከነሰዓቱ ይጻፍ። ጠርሙስ አጥባለሁም ይበል፣ ከልቡ ከሆነ።

ጋሼ አሁንም እዚያው ናቸው። ስልክ ላይ መጻፍ አይወዱም፤ ሰላምታ እንኳ አይጽፉም። አልፎ አልፎ ግን ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ቁጥር ብቻ ትደርሰኛለች። ያለፈው ሳምንት «340» አሉኝ።

«ስንተኛው ብሎወር ነው?» ብዬ መለስኩላቸው።

«ሁለተኛው» አሉ።